ዝም ማለት ነው ያቃጠለን
ድርጅት ውስጥ አደጋ ሲደርስ "ነገሩ ተጣርቶ እስኪያልቅ ድርጅቱ ዝም ቢል ይሻላል" የሚለው የጽሁፉ ሀሳብ ላይ በጭራሽ አልስማማም፣ እኔ ገላን አንድ ፋብሪካ ስሰራ ማታ ቦይለር (ውሃ አፍልቶ እንፋሎት የሚሰራው ማሽን) ፈንድቶ አብረውን የሚሰሩ ሁለት ልጆች ተቃጥለው ሆስፒታል ገቡ፣ ማኔጅመንቱ ለጥበቃዎቹ ያዘዘው "ምንም አናውቅም በሉ" ብቻ ነበር። አንድ ሰአት ሳይሞላ ቴሌግራም ላይ አስር ሰው ሞተ ተባለ፣ ከዛማ ከቱሉ ዲምቱም ከአቃቂም ቤተሰብ በባጃጅ እየመጣ በሩን ሞላው፣ አንዲት እናት ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው የብረቱን በር በእጃቸው እየደበደቡ የልጃቸውን ስም ይጣሩ ነበር፣ ልጁ እኮ ደህና ነው፣ ውስጥ ከኛ ጋር ቆሟል! ስልካችንን ፈረቃ ስንገባ ስለምናስረክብ መደወል እንኳን አልቻልንም። በር ላይ ወጥቶ የስም ዝርዝር ማንበብ አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ከላይ አስተያየት ላይ "ቀድሞ መናገር ያስከስሳል" ያልከው ወንድሜ፣ ምክንያቱን ገምት ያለህ የለም፣ ያረጋገጥከውን ትናገራለህ፣ ያላወቅከውን እያጣራን ነው ትላለህ፣ ቀጥሎ መቼ እንደምትናገር ሰአት ትቆርጣለህ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ቢሾፍቱ አቅራቢያ አውሮፕላን ተከስክሶ 157 ሰው ሲያልቅ የአደጋውን መንስኤ ማንም አያውቅም ነበር፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ግን በዛው ቀን መግለጫ አወጣ፣ የወቅቱ ስራ አስፈፃሚው አቶ ተወልደ ገብረማርያም ቦታው ድረስ ሄደው ስብርባሪው መሀል ቆመው ታዩ፣ የተከሰከሰው አይነት የሆኑትን የቀሩትን ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላኖችም የምርመራ ውጤት ሳይጠብቅ አቆመ። እኛ ጋ ማስታወቂያ የተለጠፈው በሶስተኛው ቀን ነው፣ እሱም ስለተቃጠሉት ልጆች አንድ ቃል የለው፣ "ምርት አልተቋረጠም" ነው የሚለው።