200 እያለ የሚዋሽ ሰርቨር
አሁንስ በዛ! አፓችን የጠየቀው መረጃ የለም፣ ሰርቨሩ (መረጃውን የሚልክልን ኮምፒውተር) ግን 200 የሚል ኮድ መለሰ። 200 እኮ "ተሳክቷል" ማለት ነው! የሰርቨሩ ሠሪዎች ስህተቱን የት ወሸቁት? ጄሰኑ (መረጃው የሚላክበት ጽሑፍ) ውስጥ፣ ከታች። ታዲያ ክላየንቱ፣ ማለትም ጠያቂው አፕ፣ በምን ይወቅ?

404 ("አልተገኘም") ለምን ተፈጠረ? 401ስ ("ማንነትህ አልተረጋገጠም")? 500ስ ("ሰርቨሩ ውስጥ ስህተት አለ")? ኤችቲቲፒ፣ ማለትም አፕና ሰርቨር የሚነጋገሩበት ደንብ፣ እነዚህን ኮዶች ያስቀመጠው ሁለቱ ወገኖች እንዲግባቡ ነው። ሰርቨሩ ሲዋሽ መሃል ያለው ካሽ (መልሶችን ለሌላ ጊዜ የሚያቆይ ማከማቻ) ስህተቱን እንደ ትክክለኛ መልስ ሊያስቀምጠው ይችላል፣ ሞኒተሪንጉም (ሰርቨሩን የሚከታተለው ሲስተም) ሁሉ ሰላም ነው ይላል፣ ተጠቃሚው ደግሞ አፑን የሠራነውን እኛን ይራገማል። ለሰርቨሩ ሠሪዎች ስንነግራቸው "እናንተ ጋ አስተካክሉት" ይሉናል። ለምን እኛ ጋ? የተበላሸው እናንተ ጋ! ደግሞ አንዱ ኤንድፖይንት (ሰርቨሩ ጥያቄ የሚቀበልበት አድራሻ) ስህተቱን "ኤረር" ይለዋል፣ ሌላው "ሜሴጅ"፣ ሌላው ጭራሽ ባዶ ይልካል። ትክክለኛውን ኮድ ላኩልን፣ ሌላ ምንም አልጠየቅንም!