«ያሸንፋል ወይ?» አትበሉኝ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። የምቆጣው እዚህ አሜሪካ ቀኝ እጃችንን አንስተን ምለን ዜግነት የወሰድነውን ነው። የፓርቲዎች የዕጩ ምርጫ ሲመጣ «እስቲ መጀመሪያ አሸናፊው ይለይ» ብለን ቤት እንቀመጣለን። ራሴንም አላወጣሁም።

ኤፕሪል 26፣ 2007 ማታ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ምግብ ቤት ጥሬ ሥጋ አዘን ክርክር እናያለን። ደቡብ ካሮላይና ላይ ለፕሬዚዳንትነት ዕጩ ለመሆን የሚፎካከሩ ስምንት የዴሞክራት ተወዳዳሪዎች ቆመዋል። ኦባማ ሲናገር ቤቱ ጸጥ ይላል። በመሃል አንድ የ76 ዓመት ሽማግሌ ተነሥቶ በኢራን ጉዳይ የሚፎክሩትን ሁሉ ይቆጣ ጀመር። ወደ ኦባማ ዞረና በኒውክሌር የምትመታው ማንን እንደሆነ ንገረኝ አለው። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አጠገቤ ያለው ጓደኛዬ ሥጋውን ሚጥሚጣ እያስነካ «እኚህን ጋሼ ደግሞ ማን አመጣቸው?» አለ። እኔም ሳቅሁ።

ሰውዬው ማይክ ግራቬል ነበሩ። ከ1969 እስከ 1981 አላስካን ወክለው ሴናተር የነበሩ ሰው። ወላጆቻቸው ከካናዳ የመጡ ስደተኞች ናቸው። እሳቸውም እስከ ሰባት ዓመታቸው ከፈረንሳይኛ ሌላ ቋንቋ አልተናገሩም። ኒው ዮርክ ሲገቡ ኪሳቸው ባዶ ስለነበር ታክሲ ነድተዋል። ያን ማታ ከሳቅነው ከአምስታችን ሦስታችን ታክሲ ነጂዎች ነበርን።

በ1971 የቬትናምን ጦርነት ገመና የያዘው የፔንታጎን ምስጢራዊ ሰነድ እጃቸው ገባ። መንግሥት ጋዜጦቹ እንዳያትሙት ፍርድ ቤት ቆሟል። ግራቬል ሥልጣናቸው ምን ነበር መሰላችሁ? የሕንፃና የግቢ ጉዳዮች ንዑስ ኮሚቴ ሰብሳቢነት። ማንም ዞር ብሎ የማያየው ወንበር ነው። በሌሊት ስብሰባ ጠርተው ሰነዱን ማንበብ ጀመሩ። እንባ ሲያሸንፋቸው የቀረውን በሺዎች የሚቆጠር ገጽ የኮሚቴው መዝገብ ውስጥ አስገቡት።

ጻድቅ ናቸው አላልኩም። በ2008 ከዴሞክራቶች ጋር አልሆን ሲላቸው ሊበርታሪያን ወደሚባለው ትንሽ ፓርቲ መዞራቸውን እኔም አልወደድኩላቸውም። እዚያም ተሸነፉ።

በ2019 ደግሞ ሁለት አፍላ ጎረምሶች ደውለው እንደገና ለፕሬዚዳንትነት ካልተወዳደሩ አሏቸው። ዕድሜያቸው 88 ነበር። ፍላጎታቸው ማሸነፍ ሳይሆን ክርክሩ መድረክ ላይ ወጥተው ስለ ጦርነት መናገር ነበር። ለዚያ አንዱ መንገድ ከ65,000 ሰው መዋጮ ማግኘት ነው፤ አንድ ዶላርም ይቆጠራል። 65,000ው ሞላ። ግን መድረኩ የሚይዘው 20 ሰው ብቻ ስለነበር በሕዝብ አስተያየት መለኪያ የተሻሉት ቀደሟቸው። ሽማግሌው ውጭ ቀሩ። በ2021 በ91 ዓመታቸው አረፉ።

እንደማያሸንፉ እያወቀ ከኪሱ ያወጣ ሰው 65,000 ነው! እኛስ? ለኮንሰርት ትኬት ስንት እንደምንከፍል ባናወራው ይሻላል። «እናቴን ያገባ ሁሉ አባቴ ነው» የሚለውን ተረት ከአገር ቤት ይዘን መጥተን እዚህም እንኖርበታለን። አሸናፊው ሲታወቅ ቲሸርቱን ለመልበስ የሚቀድመን የለም። ከዚያ በሦስተኛው ወር ማማረር ነው። ዕጩው ሲመረጥ የት ነበራችሁ?

«ድምፄ ይባክናል» የምትሉም አላችሁ። በዴሞክራቶች የዕጩ ምርጫ 15 በመቶ ያገኘ ተወዳዳሪ ሁለተኛም ሦስተኛም ይውጣ በፓርቲው ጉባኤ ዕጩውን የሚመርጡ ተወካዮች ይደርሱታል። የግራቬል ዓይነቱ ያንንም አያገኝም፤ እውነት ነው። ግን ከፊት የሚመሩት ተወዳዳሪዎች ድምፅ በየት በኩል እንደሚያፈስሳቸው አጥብቀው ያያሉ። ቨርጂኒያ ያላችሁ ደግሞ በፓርቲ መመዝገብ እንኳ አይጠየቅባችሁም። ሜሪላንድ ያለን ቀድመን ፓርቲ መርጠን መመዝገብ አለብን፤ በዕለቱ በር ላይ ደርሶ መጨቃጨቅ ዋጋ የለውም።

ያ ሚጥሚጣ ሲያጠቅስ የነበረው ጓደኛዬ ባለፈው ሰኞ ደወለልኝ። «ለመሆኑ አሁን ማን እየመራ ነው?» አለኝ።

«አንተስ ምን እንዲሆን ነው የምትፈልገው?» አልኩት።

ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ተሳፋሪ መጣብኝ ብሎ ዘጋው።