ስለ ሊቲየም ኒዮቤት ያልተነሳ ነጥብ

ስለ ሊቲየም ኒዮቤት ያነበብኩት ጽሑፍ፣ ፌሮኤሌክትሪክ የሆነው (ማለትም በውጫዊ መስክ ሊገለበጥ የሚችል የራሱ የኤሌክትሪክ ዋልታነት ያለው) ይህ ክሪስታል ቮልቴጅ ሲያገኝ ብርሃንን የሚሰብርበት መጠን እንደሚለወጥና በፋይበር መስመሮች መረጃን በሌዘር ላይ ለመጫን የሚያገለግለውም በዚሁ ጠባዩ እንደሆነ በሚገባ አስረድቷል። የክሪስታሉ ዋነኛ ድክመት ሳይነሳ መታለፉ ግን ቅር አሰኝቶኛል። የቤል ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1966 እንደዘገቡት፣ ጠንካራ የሌዘር ጨረር፣ በተለይም አረንጓዴና ሰማያዊው፣ በውስጡ ሲያልፍ ኤሌክትሮኖችን ከቦታቸው ያፈናቅላል፤ እነዚህ በሌላ ስፍራ ሲከማቹ የሚፈጠረው የኤሌክትሪክ መስክም የክሪስታሉን የመስበር መጠን ስለሚያዛባ ጨረሩ ቅርጹን ያጣል። «የብርሃን ጉዳት» የተባለው ይህ ክስተት (ክሪስታሉ ሲሞቅ ስለሚጠፋ ስሙ የተጋነነ ይመስለኛል) ለሆሎግራም (በሌዘር ለሚቀረጽ ባለ ሦስት ገጽታ ምስል) ማከማቻ ጠቅሟል። ባለ 1064 ናኖሜትር ሌዘርን ወደ አረንጓዴው 532 ለሚቀይሩ መሣሪያዎች ግን እንቅፋት በመሆኑ፣ ጉዳቱን ለመቀነስ በሞል ልኬት (በክብደት ሳይሆን በቅንጣቶች ብዛት ሲሰላ) 5 በመቶ ገደማ ማግኒዥየም ኦክሳይድ ይጨመርበታል።