የ77ቱ ምስል በ66ቱ ትረካ

ክርክሩን ያስነሳው አንድ የአምስት ደቂቃ ቪዲዮ ነው። ደሴ ፒያሳ ቡና እየጠጣን፣ የሁለተኛ ደረጃ ታሪክ መምህር የሆነ ወዳጃችን ላፕቶፑን ከፍቶ ለተማሪዎቹ ያዘጋጀውን አሳየን። ጉዳዩ የ1966ቱ የወሎ ረሃብ ነው። የሚተርከው ራሱ ነው። ከትረካው ሥር የአንድ ታዋቂ ዘፋኝ እንጉርጉሮ ይሰማል። ምስሎቹ አንጀት ይበላሉ። ማን ቀረጻቸው፣ መቼ፣ የት የሚል ግን አንድ መስመር የለም።

ፎቶና ቪዲዮ ቤት ያላት ጓደኛችን ቀድማ ተናገረች። «ጥሩ ሠርተኸዋል። ግን የማን ነው?»

«የማን ይሆናል? የእኛ ነዋ!» አለ መምህሩ። «ያለቁት የእኛ ሰዎች ናቸው። አስፋልቱን ተከትለው እህል ፍለጋ የወጡት፣ መንገድ ላይ የቀሩት፣ የእኛው አያቶች ናቸው። የራሴን ሕዝብ መከራ ለራሴ ተማሪዎች ለማሳየት ማንን ነው የማስፈቅደው?»

«መከራው የእኛ ነው። ካሜራ ተሸክሞ የቀረጸው ግን ሰው ነው። የእሱ ስም የት ሄደ?»

እሷ ይህን የምትለው ወዳ አይደለም። አይጠየፍ አዳራሽን በማለዳ ብርሃን ያነሳችውን ፎቶ፣ አንድ ሰው ስሟን ከጥጉ ቆርጦ የራሱን አርማ ለጥፎበት አግኝታዋለች። «ቢጠይቀኝ በነፃ እሰጠው ነበር» አለች። «ያናደደኝ ገንዘቡ አይደለም። እኔ እንዳልነበርኩ አደረገኝ። ለዚህ ነው ያልተፈቀደ ነገር ክፍል ውስጥም ቢሆን አይታይ የምለው።»

«እሱ ነጋዴ ነው፤ እኔ አስተማሪ ነኝ» አለ መምህሩ። «መጽሐፉን ለሦስት ነው የሚያነቡት። ሰሌዳ ላይ ‹ረሃብ ነበር› ብዬ ብጽፍ ገልብጠው ይሄዳሉ። ይህን ሳሳያቸው ግን ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አውጥታ ‹ቲቸር፣ መንግሥት የት ነበር?› አለችኝ። እኔ የምለፋው እንዲህ ያለ ጥያቄ ለመስማት ነው።»

እስካሁን ዝም ብለው የሰሙት ጡረታ የወጡት መምህር ነበሩ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። «እስቲ ወደ ኋላ መልሰው» አሉ። ሊነጋጋ ሲል ሜዳውን የሞላ ሰው የሚታይበት ቦታ ሲደርስ አስቆሙት።

«ይሄ 66 አይደለም፤ 77 ነው። ኮረም ነው።»

«እንዴት ጋሼ?»

«የሞሐመድ አሚን ካሜራ ነው። ኬንያዊው። ከቢቢሲው ማይክል በርክ ጋር መጥቶ የቀረጸው፣ ጥቅምት 1977 ዓለም ሁሉ ያየው ምስል ነው። የ66ቱን ለእንግሊዝ ቴሌቪዥን የሠራው ሌላ ሰው ነው፤ ጆናታን ዲምብልቢ። ጥቅምት 1966 ታየ። በሁለቱ መካከል 11 ዓመትና አንድ አብዮት አለ። የፊተኛው ንጉሡ እያሉ ነው። የኋለኛው ደርግ አሥረኛ ዓመቱን በድግስ ባከበረ ማግስት ነው። እንግዲህ ያቺ ልጅ ‹መንግሥት የት ነበር› ስትልህ፣ ስለየትኛው መንግሥት መለስክላት?»

መምህሩ ቶሎ አልመለሰም። «ዩቲዩብ ላይ የ66 ረሃብ ተብሎ ነው ያገኘሁት» አለ በመጨረሻ።

«የጫነውስ ከማን አገኘው?»

ጋሼ በዚህ አላበቁም። መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ነበሩ። ደርግ የዲምብልቢን ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ያሳየው ያን ምሽት ነው። ግን እንዳለ አላሳየውም። በረሃብተኞቹ መካከል የቤተ መንግሥት ግብዣ አስገባበት። በማግስቱ ንጉሡ ወረዱ።

«ታዲያ ረሃቡ ውሸት ነበር ጋሼ?»

«ረሃቡም እውነት ነው፤ ግብዣውም እውነት ነው። ጎን ለጎን ያስቀመጣቸው ማን ነው? ለምን በዚያች ማታ? ተማሪህ ይህን ካላወቀ ሁሉንም አንድ ሰው አንድ ጊዜ የቀረጸው ይመስለዋል።»

እኔ በማስፈቀዱ ነገር ከመምህሩ ጋር ነኝ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የታተመን ሥራ ለማስተማር ማባዛትን አይከለክልም። ባለመብቱን ማስፈቀድም ለእሱ መክፈልም አይጠበቅበትም። እንደ ጓደኛችን ሐሳብ ከሄድን ደግሞ የገጠር አስተማሪ ለንደን ደብዳቤ ጽፎ መልስ ሲጠብቅ ሴሚስተሩ ያልቃል። ይህ ለማንም አይጠቅምም። ለፎቶግራፍ ሕጉ የሚሰጠው ጥበቃም ከተነሳበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ነው። የጣሊያን አውሮፕላኖች ኅዳር 1928 ደሴን በደበደቡበት ጊዜ የተነሱ ፎቶዎች በእኛ ሕግ ጊዜያቸው ካለፈ ቆይቷል።

ግን ያው አዋጅ ሁለት ነገር ይጠይቃል። የተወሰደው ለትምህርቱ ከሚያስፈልገው መጠን አይለፍ፤ በተቻለ መጠንም ምንጩና የሠሪው ስም ይጠቀስ። መምህሩ የወደቀው እዚህ ላይ ነው። ያለ ፈቃድ መጠቀሙ አልነበረም ችግሩ። የቀረጸውን ሰው ስም ለመጻፍ ቢነሳ ኖሮ ሞሐመድ አሚን የሚለውን ስም ያገኝ ነበር። ስሙን ሲያገኝ ቀኑን ያገኛል። ቀኑን ሲያገኝ ምስሉ የ66 እንዳልሆነ ራሱ ይደርስበታል። ለሠሪው መብት የሚደረገው ጥንቃቄና ለታሪክ እውነት የሚደረገው ጥንቃቄ እዚህ ላይ አንድ ሥራ ናቸው። ስም የማይጠቅስ የታሪክ አስተማሪ ሕግ ከመጣሱ በፊት ሙያውን ጥሷል።

ዘፈኑ ይውጣ። ዘፋኙን ካለማክበር በላይ፣ ልጆቹ ማየት ሳይጀምሩ እንዲያለቅሱ ያደርጋቸዋል። ጋሼ የነገሩንን የ67ቱን ምሽት ካሰብን፣ ስሜት ቀስቃሽ ነገር ከምስል ጋር ማደባለቅ ምን እንደሚያደርግ አይተናል። ቪዲዮው ቴሌግራምና ዩቲዩብ ላይ ይጫን ከተባለ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ለማስተማር የተሰጠው ፈቃድ ክፍል ውስጥ ላለው ተማሪ እንጂ ለተመልካች ቁጥር መሰብሰቢያ አይደለም። እዚያ ላይ ጓደኛችን ሙሉ በሙሉ ልክ ናት።

ሌላም አለ። የ66ቱን ያዩ ሰዎች ደሴም ኮምቦልቻም ዛሬ በሕይወት አሉ። ስልክ ያለው ተማሪ ሁሉ ሊቀርጻቸው ይችላል። ፈቃዳቸውን ጠይቆ፣ ስማቸውን፣ ቦታውንና ቀኑን ጽፎ። ያኔ ቀረጻው የማን ነው ለሚለው መልስ አይጠፋም።

መምህሩ ቪዲዮውን አጠፋለሁ ብሎ ነበር። እኔ አታጥፋው አልኩት። ለሁለት ክፈለው። በአንዱ ወገን የዲምብልቢን፣ በሌላው የአሚንን አድርግ። ከሥራቸው ስም፣ ቦታና ዓመት ጻፍ። ከዚያ ያቺ ከኋላ የተቀመጠችው ልጅ ጥያቄዋን ሁለት ጊዜ ትጠይቅ፤ አንዴ ለ66፣ አንዴ ለ77።