ፕሬዚዳንት መስደብ ሁለት ዓመት ሲያሳስር

«እዚህ አገር ፕሬዚዳንቱን ደጃቸው ላይ ቆመህ ብትሰድብ የሚነካህ የለም።» ለቅሶ ቤትም ይሁን ሰርግ፣ አሜሪካ ያለ ሐበሻ መካከል ፖለቲካ ከተነሳ ይህች ንግግር አትቀርም። እውነትነት አላት። የምታሳስተው «ሕገ መንግሥታቸው ላይ ተጽፎላቸው» የሚለው ሲከተልባት ነው።

የተጻፈውማ በ1791 በጸደቀው የሕገ መንግሥቱ የመጀመሪያ ማሻሻያ ነው (የአሜሪካን ነገር ሳወራ አቆጣጠሩ የፈረንጆቹ ነው)። ኮንግረስ የመናገርንና የፕሬስን ነፃነት የሚገድብ ሕግ አያወጣም ይላል። ሰባት ዓመት እንኳ ሳይሞላው፣ ሐምሌ 1798 ላይ፣ ኮንግረስ «ሴዲሽን አክት» የተባለውን ሕግ አወጣ፤ ፕሬዚዳንቱ ጆን አዳምስም ፈረሙበት። መንግሥትን፣ ኮንግረስን ወይም ፕሬዚዳንቱን ለማዋረድ ሐሰት የጻፈ እስከ 2 ዓመት ይታሰራል፣ እስከ 2,000 ዶላር ይቀጣል። ማን እንደተጠበቀ ልብ በሉ፤ ምክትል ፕሬዚዳንቱ የሉበትም። ምክትሉ የአዳምስ ባላንጣ ቶማስ ጄፈርሰን ነበሩና እሳቸውን መስደብ ተፈቅዷል። ሕጉ እንዲያበቃ የተቆረጠለት ቀን ደግሞ ማርች 3 ቀን 1801፣ የአዳምስ ዘመን የሚያልቅበት ዋዜማ ነው። ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ቢቀመጥ ዱላው በእጁ እንዳይገባ ታስቦበታል።

ወረቀቱ ላይ ሕጉ ደህና ይመስላል። ተከሳሽ የጻፈው እውነት መሆኑን ካስረዳ ነፃ ይወጣል፣ ፈራጁም ጁሪ፣ ማለትም ከተራው ሕዝብ የተውጣጣ ቡድን ነው። ነገር ግን አስተያየት በምን ምስክር ይረጋገጣል? የቨርሞንቱ የኮንግረስ አባል ማቲው ላየን፣ ፕሬዚዳንቱ ለከንቱ ድምቀትና ለውዳሴ ይጓጓሉ ብለው በመጻፋቸው 4 ወር ታስረው 1,000 ዶላር ከፈሉ። እሳቸው እስር ቤት እያሉ መራጮቻቸው መልሰው መረጧቸው። ኒው ጀርሲ ውስጥ ደግሞ አንድ የሰከረ ሰው፣ ለአዳምስ ክብር የተተኮሰው መድፍ መቀመጫቸውን ቢያገኛቸው ግድ እንደሌለው በመናገሩ ተቀጥቷል።

ሁለተኛው ዙር የመጣው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። በ1918 የወጣው ሌላ ሴዲሽን አክት እስከ 20 ዓመት ያሳስር ነበር። ሶሻሊስቱ ዩጂን ዴብስ ካንተን፣ ኦሃዮ ውስጥ ባደረጉት ንግግር 10 ዓመት ተፈረደባቸው፤ በ1920 ከእስር ቤት ሆነው ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድረው ከ900,000 በላይ ድምፅ አገኙ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ያኔ ከከሳሾች ጎን ነበር፤ ንግግሩ ወደ መጥፎ ነገር «ሊያመራ ይችላል» ከተባለ ለማሰር ይበቃ ነበር።

ይህን በር የዘጋው ፍርድ የመጣው በ1969 ሲሆን ተከሳሹ የነጭ የበላይነት አራማጁ ቡድን የኩ ክላክስ ክላን መሪ ብራንደንበርግ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለአመፅ አነሳሳ ብሎ ለመቅጣት ተናጋሪው አመፁን አስቦበት መናገሩ፣ አመፁ አሁኑኑ እንዲደረግ መቀስቀሱና ይደረጋል ተብሎ የሚያሰጋ መሆኑ አንድ ላይ መረጋገጥ አለባቸው። አንዱ ከጎደለ ክሱ ይወድቃል። ደጃቸው ላይ ቆሞ የሚሳደበውን ሰው የሚጠብቀው ይህ ነው፤ ዕድሜው ደግሞ ከብዙዎቻችን አባቶች ያነሰ ነው።

የእኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ሐሳብን በነፃነት መግለጽን ያረጋግጣል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ሽብር አዋጅ 652 ግን በአንቀጽ 6፣ ሰሚው ሽብርን እንደሚያበረታታ አድርጎ «ሊረዳው የሚችል» መልእክት ያሰራጨን ከ10 እስከ 20 ዓመት ያስቀጣ ነበር። ጉዳት መድረሱን፣ ሊደርስ መቃረቡንም ዐቃቤ ሕግ እንዲያስረዳ አይጠበቅበትም። አሜሪካ በ1918 የቆመችበት ቦታ ማለት ነው። አዋጁ በ2012 ዓ.ም. በሌላ ተተክቷል።

የብራንደንበርግ ጥላ ግን ለማይገባውም ይተርፋል። ሜሪላንድ ተቀምጦ በቀጥታ ሥርጭት «እነ እገሌን አጥፏቸው» የሚል ሰው፣ ሰሚው ባሕር ማዶ ስለሆነ «አሁኑኑ» የሚለውን ማስረዳት ለአሜሪካ ዐቃቤ ሕግ እጅግ ይከብደዋል። ያው ሰው ጀርመን ቢሆን የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 130 እስከ 5 ዓመት ሊያሳስረው ይችላል። እዚህ አገር አደባባያችን እንዲህ የጦፈበት አንዱ ምክንያት ይኸው ይመስለኛል።

ጥበቃው የሚሠራውም በመንግሥት ላይ ብቻ ነው። የግል አሠሪ በፌስቡክ ጽሑፍ ምክንያት ቢያባርር ሕገ መንግሥቱ አያስጥልም፤ ስም የጠፋበትም ካሳ መጠየቅ ይችላል። ቪዛ አመልካች ከ2019 ጀምሮ የአምስት ዓመት የማኅበራዊ ሚዲያ ስሞቹን ይሞላል።

በዚያው በ1798 ክረምት የወጡ እኅት ሕጎችም ነበሩ። አንደኛው ዜግነት ለመውሰድ የሚጠበቀውን 5 ዓመት ወደ 14 አሳደገው፤ መጤዎች ለጄፈርሰን ወገን ይመርጣሉ ተብሎ ነው። በ1802 ወደ 5 ተመለሰ፤ ዛሬ ግሪን ካርድ የያዘ የሚቆጥረው እሱን ነው። ሌላው በጦርነት ወይም በወረራ ጊዜ የጠላት አገር ዜጎችን ማሰርና ማባረር የሚፈቅደው ሕግ ሲሆን እስካሁን አልተሻረም። መጋቢት 2025 ላይ ጦርነት ሳይታወጅ በቬኔዙዌላውያን ላይ ተመዞ፣ ሰዎች በአውሮፕላን ኤል ሳልቫዶር እስር ቤት ተወስደውበታል።