ዲሊት ላደረጋችሁ ሁሉ፣ እንኳን ደስ አላችሁ!

ዛሬ ማመስገን የፈለግኩት ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ስለ አለቃው አስር መስመር ፅፎ ጠዋት ፊቱን እንኳን ሳይታጠብ ዲሊት የሚያደርገውን ጀግና ነው። እንደሱ ያለ የጠራ እምነት የትም አላየሁም። ያቺን የቆሻሻ ቅርጫት ምልክት ነካ ያደርጋታል፣ ፖስቱ ከስክሪኑ ላይ እልም ይላል፣ እሱም እፎይ ብሎ ተመልሶ ይተኛል። የድሮ ሰዎች "ካፍ ከወጣ አፋፍ" ያሉት እኮ ዲሊት ስላልነበራቸው ነው፣ ምን ያድርጉ።

ደሞ የመረጠው ቦታ! "ትልልቆቹ ካምፓኒዎች ዳታዬን ይሸጡታል" ብሎ ጥሎ ወጥቶ ማስቶዶን የሚባል፣ ብዙ ሰዎች በየራሳቸው ሰርቨር የሚያንቀሳቅሱት ማህበራዊ ሚዲያ ገባ። ብልህ ነው። እዛ ዳታው አንድ ሀብታም እጅ ላይ አይደለም፣ ፎሎወሮቹ ባሉበት ሰርቨር ሁሉ ኮፒው ተበትኗል፣ አንዳንዱን ሰርቨር የሚያስተዳድረው ደግሞ ከስራ መልስ በትርፍ ጊዜው የሚነካካ ልጅ ነው። ጀግናችን ዲሊት ሲል የሱ ሰርቨር ለሌሎቹ "እባካችሁ እናንተም አጥፉልኝ" ብሎ ይልካል። አብዛኞቹ ጨዋ ስለሆኑ ያጠፋሉ፣ የማያጠፋውን ግን ማን ያስገድደዋል፣ ልመና እኮ ነው። 2018 ላይ የፀደቀው አክቲቪቲፐብ የሚሉት፣ ሰርቨሮቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ፕሮቶኮል ለጠፋ ፖስት ቱምስቶን ሁሉ አዘጋጅቷል፣ የመቃብር ድንጋይ ማለት ነው። "እዚህ ጋ የሚያሳፍር ነገር ነበር" የሚል ሀውልት ይቆምልሃል፣ ከዚህ በላይ ክብር ከየት ይመጣል?

ዲኤሙማ፣ የግል መልዕክቱ፣ አይነሳ። የአለቃውን ስም ከነ@ ምልክቱ ፅፎ ለጓደኛው ያማዋል፣ ማስቶዶን ደግሞ ስሙ የተጠራን ሰው አይረሳም፣ መልዕክቱን ለአለቃውም ያደርስለታል።

ኖስተር የሚባል ሌላ ኔትወርክ የገባው ጓደኛው ይብሳል። እሱ እያንዳንዷን ፖስት በራሱ ቁልፍ ፈርሞ ነው የሚለቃት፣ ስለዚህ አንዱ ሪሌይ (ፖስቱን የሚያስቀምጠው ሰርቨር) አላጠፋም ቢለው "እኔ አልፃፍኩም" እንዳይል የገዛ ፊርማው ቆሞ ይመሰክርበታል። ብሉስካይ የሚባለው ሌላ ማህበራዊ ሚዲያ ላይስ? ኖቬምበር 2024 አንዱ ተነስቶ አንድ ሚሊዮን ለሁሉም ክፍት የሆነ ፖስት ሰብስቦ ለኤአይ ማሰልጠኛ ለቀቀው፣ ሰው ሲጮህበት ይቅርታ ብሎ አነሳው፣ ከዛ ሌሎች መጥተው ከሱ የባሰ ትልቅ ለቀቁ። መቼም ዲሊት ሲሰራ እንዲህ ነው!

እኔን በጣም የሚያኮራኝ ግን ካጠፋ በኋላ "የማታውን ፖስት አጥፍቼዋለሁ፣ ያላያችሁት ተውት" ብሎ አዲስ ፖስት የሚያደርገው ነገር ነው። ያላየው ሁሉ ተሯሩጦ ስክሪንሾት ፍለጋ ይገባል።

ትናንት ደሞ ሌሊት ፖስቱን ተቀብሎ ጠዋት ድርግም ብሎ የቆየ አንድ ሰርቨር ነቃ። የአጥፉልኝ ልመናው ሲላክ ስላልነበረ አልደረሰውም፣ አስሩም መስመር አንድ ሳትጎድል ቁጭ ብላለች። አለቃው አካውንት የከፈተው እዛው ሰርቨር ላይ ነው።