«ስንት ግራም ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር ሆነ እንዴ?

ሰሞኑን ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር ቀድሞ የሚቀበለኝ የብር ሳንቲም ማስታወቂያ ነው። አንዴ ስለ ሳንቲም የሆነ ነገር ፈልጌ ነበር፤ ያው አልጎሪዝሙ ከዚያ ወዲህ አልለቅህም አለኝ። ጥቁር ከፋይ ላይ የተቀመጠ፣ መብራት የተደገነበት፣ ቀስ እያለ የሚሽከረከር ሳንቲም። ላዩ ላይ ንስር ወይም አንበሳ ወይም የሞተ ንጉሥ። ከሥሩ ያ የታወቀው ውዳሴ ይከተላል፦ «ታሪካዊ»፣ «ብርቅዬ»፣ «ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ»፣ «የቀሩት ጥቂት ናቸው»፣ «ዛሬ እኩለ ሌሊት ያበቃል»። እኩለ ሌሊቱ አልፎ ሲነጋ ቆጣሪው እንደገና ከሃያ አራት ሰዓት ይጀምራል። ማብቂያ የሌለው «ዛሬ ያበቃል» አይታችሁ ታውቃላችሁ?

እሱን እንኳን ልተወው። ደሜን የሚያፈላው ሌላ ነው። ያን ሁሉ ሐተታ ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አንብቤ ሁለት ቁጥር አጣሁ። ክብደቱ ስንት ግራም ነው? ንጥርነቱስ፣ ማለትም ከሺህ እጅ ስንቱ ንጹሕ ብር ነው? በቃ። የብር ሳንቲም የሚሸጥ ሰው መጀመሪያ ሊነግረኝ የሚገባው እነዚህን ነው፤ ሌላው ጌጥ ነው። ሳጥኑ ከምን እንጨት እንደተሠራ ጽፈዋል እኮ! የቬልቬቱን ቀለም ሳይቀር ጽፈዋል። ሳንቲሙ ውስጥ ስንት ግራም ብር እንዳለ ለመጻፍ ግን ቦታ አልበቃቸውም።

ጓደኞቼ ደግሞ ስለ ሳንቲም ትንሽ እንደማውቅ ስለሚያውቁ ማስታወቂያውን ስክሪንሾት አድርገው «ይሄ ጥሩ ነው?» ብለው ይልኩልኛል። ምን ብዬ ልመልስ? ውሸት ነው እንዳልል አብዛኛውን ጊዜ አንድም የውሸት ቃል የለበትም። የሚያናድደውም ይሄው ነው። ቃል በቃል ካያችሁት ሁሉም እውነት ነው፤ ሲደመር ግን ዓይን ያወጣ ማጭበርበር ነው።

ለምሳሌ «በ999 ንጥር ብር የተለበጠ» የሚለውን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። 999 ማለት ከሺህ እጅ 999ኙ ብር ነው ማለት ነው፤ የታወቁት የአሜሪካ የብር ንስር ሳንቲሞች የሚሠሩበት ደረጃ ነው። ቁጥሩ ውሸት አይደለም። ብቻ የሚናገረው ስለ ልባጡ ነው እንጂ ስለ ሳንቲሙ አይደለም። ሳንቲሙ መዳብ ነው፣ ወይም ናስ። እስቲ አብረን እናስላው። ስፋቱ 40 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ 3 ሚሊሜትር የሆነ ሳንቲም ፊቱ፣ ጀርባውና ጠርዙ ሲደመር 29 ካሬ ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። ልባጡ አንድ ማይክሮን ነው እንበል፤ ማለትም የሚሊሜትር አንድ ሺኛ። ብር በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 10.49 ግራም ይመዝናል። ስታባዙት ላዩ ላይ ያለው ብር በሙሉ ተፍቆ ቢሰበሰብ 30 ሚሊግራም አካባቢ ነው። ሳንቲሙ ራሱ ከ30 ግራም በላይ ስለሚመዝን ልባጡ ከሺህ አንድ እጅ ነው። «999» የሚል የተጻፈበት ነገር እውነቱ ሲገለበጥ 999 እጅ መዳብ፣ አንድ እጅ ብር ሆኖ አረፈው! ሰሙ ብር፣ ወርቁ መዳብ። የቅኔ መምህር እንኳን እንዲህ አይራቀቅም።

«ጀርመን ሲልቨር» የሚሉትማ ጭራሽ አንዲት ቅንጣት ብር የለበትም፤ መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ ነው። ለእሱ ልባጥም አላስፈለጋቸው፣ ስሙ ራሱ ይበቃቸዋል።

አውንሱም ጣጣ አለው። ብርና ወርቅ የሚለካው በትሮይ አውንስ ነው፣ 31.1 ግራም። ሌላው የተለመደው አውንስ 28.35 ግራም ነው። «አንድ አውንስ» ብሎ ዝም ያለ ሻጭ የትኛውን እንደሆነ ካልነገራችሁ ወደ ሦስት ግራም የሚጠጋ መሸሸጊያ አለው። ከዚያ ደግሞ «አንድ አውንስ የሚመዝን» እና «አንድ አውንስ ብር ያለበት» የተለያዩ ናቸው፤ የመጀመሪያው ድንጋይም ሊሆን ይችላል።

ወደ «ብርቅዬነቱ» እንምጣ፤ እዚህ ላይ ነው ትዕግሥቴ የሚያልቀው። «በዓለም ላይ 5,000 ብቻ!» ይላል። ማን ነው 5,000 ያለው? ራሱ የሠራው ፋብሪካ። ነገ ያንኑ ንስር በሰማያዊ ቀለም ቀብቶ ሌላ 5,000፣ ከነገ ወዲያ በወርቅ ቅብ ሌላ 5,000 ይሠራል። እያንዳንዱ «ውስን እትም» ነው፤ ብዛታቸው ግን ውስን አይደለም። የአሜሪካው የብር ንስር እንኳን እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ በየዓመቱ በሚሊዮን እየተቆጠረ የሚወጣ ሳንቲም ነው። ብሩ እውነተኛ ብር ነው፣ ያንን አልክድም። ግን ያንኑ ሳንቲም ፕላስቲክ መያዣ ውስጥ ከትተው «የመጀመሪያ ምት» የሚል ወረቀት ለጥፈውበት እንደ ብርቅ ሲቸረችሩት አያለሁ። አንዳንዱ የሳንቲምን ይዞታ አይቶ ደረጃ የሚሰጥ ድርጅት ይህንን ወረቀት የሚለጥፈው ሳንቲሙ በወጣ በ30 ቀን ውስጥ ለደረሰው ሁሉ ነው። ከማሽኑ መጀመሪያ የወጣው ይሁን ሚሊዮንኛው ማን ያውቃል? «ከ70 70 አገኘ» የሚለውም እንደዚያው። የደረጃው መለኪያ እስከ 70 ይደርሳል፤ በእጅ ሲዘዋወር ለኖረ አሮጌ ሳንቲም 70 ማግኘት ተአምር ነው። ትናንት ከፋብሪካ ወጥቶ ቀጥታ ፕላስቲክ ውስጥ ለገባ ግን ምን ይገርማል?

አሁን ደግሞ ማርትሬዛ። እሷን እንኳን ቢተዉልን ምን ነበር! «የ1780 ዓመተ ምሕረት ጥንታዊ የኦስትሪያ ብር፣ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የኖረ» እያሉ እየሸጧት ነው። ንግሥቲቱ ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው፤ ሳንቲሟ ግን ከሞተችም በኋላ በዚያው ዓመተ ምሕረት መመታቷን ቀጠለች። ቪየና ብቻ ሳትሆን ሮም፣ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራሰልስና ቦምቤይ ሁሉ መትተዋታል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የተመታችውም 1780 ትላለች፤ የዚያ ዘመኗም 1780 ትላለች። የየትኛው ዘመን እንደሆነች የሚያውቅ ሰው የሚያያቸው ነገሮች አሉ፦ በጀርባዋ ያለው ንስር የጅራት ላባ አሳሳል፣ ንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለው ፈርጥ፣ ጠርዟ ላይ የተጻፈው ጽሑፍ። ማስታወቂያው ላይ ጠርዝ የሚታይበት ፎቶ አለ? የለም። ፊቷ ብቻ፣ ዓመተ ምሕረቱ በቀይ ተከቦ። የሚገርመው ማርትሬዛ መደበቅ የማያስፈልጋት ሳንቲም መሆኗ ነው። 28.07 ግራም ትመዝናለች፣ ንጥርነቷ 833 ነው፣ 23 ግራም ከምናምን ንጹሕ ብር አለባት። በኋላ የተመታች ናት ብሎ በሐቅ ቢሸጣትም ገዢ አታጣም። ሐቁ እያለ ለምን እንደሚዋሹ እኔ አይገባኝም።

«በመንግሥት የጸደቀ ሕጋዊ ገንዘብ» የሚለው ደግሞ አዛውንቶችን ነው የሚያጠምደው። አንዳንድ ትንንሽ የደሴት አገሮች ስማቸውን ለሳንቲም ነጋዴ ያከራያሉ፤ ነጋዴው የፈለገውን ሥዕል ያሳትማል፤ ዜጎቹ ሳንቲሙን በዓይናቸው አይተውት አያውቁም። እሺ፣ እነሱስ አገር ናቸው፣ መብታቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ኒው ዮርክ ላይ የተሸጠው «የፍሪደም ታወር የብር ዶላር» ግን ከዚህም አለፈ። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ጥቃት ከፈረሱት የኒው ዮርክ መንትያ ሕንፃዎች ሥር ከተገኘ ብር ተሠራ ብለው፣ ከሰሜን ማሪያና ደሴቶች የወጣ ሕጋዊ ገንዘብ ነው ብለው ቸበቸቡት። ደሴቶቹ በአሜሪካ ሥር ያሉ ናቸው፣ የሚገበያዩትም በአሜሪካ ዶላር ነው፣ ሳንቲም የማውጣት ሥልጣን የላቸውም። ሳንቲሙም ቅብ ነበር። በወቅቱ የኒው ዮርክ ግዛት ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ የነበረው ኤሊየት ስፒትዘር ከሰሰና ፍርድ ቤት ሽያጩን አስቆመ። በሰው ሐዘን ላይ ቅብ ሳንቲም መሸጥ! ያ ጉዳይ ዜና ስለሆነ ተያዘ፤ ስልኬ ላይ የሚመላለሱትን ማን ይከሳቸዋል?

ስልኬ ላይ የሚሽከረከረውን ሳንቲም ሰርተፊኬትም አየሁት፣ ፎቶውን ለቀውታል። ዙሪያው በወርቃማ ሐረግ የተጌጠ፣ መሃሉ ላይ ንስር ያለበት። «የዚህ ሳንቲም እውነተኛነት በዚህ ተረጋግጧል» ይላል። ማን አረጋገጠ? ሻጩ። ፊርማው የማን ነው? የሚጠመዘዝ መስመር ነው፣ ሥሩ ስም የለውም። እንደገና ደግሞ ግራም የለም! የራሱን ዕቃ ራሱ መስክሮለት፣ ምን እንደሆነ ግን ሳይናገር ቀረ።

በመጨረሻ ኢንቦክስ ገባሁ። እንዳለ ልገልብጥላችሁ፦

«ሰላም፣ ክብደቱ ስንት ግራም ነው?»

«ሰላም ውድ ደንበኛችን! በጣም ከባድ ነው፣ እጅዎ ላይ ሲይዙት ያውቁታል።»

«በግራም ቢነግሩኝ?»

«ሙሉ ክብደት ነው።»

«ውስጡስ ምንድን ነው?»

«ኦሪጅናል ነው፣ ሰርተፊኬት አለው።»

«የምን ኦሪጅናል?»

«ስንት ፍሬ ልያዝልዎት?»

ሳቄም መጣ፣ እልሄም መጣ። ልጅቷን ወይም ልጁን አልፈርድባቸውም፤ የተሰጣቸውን ጽሑፍ ነው የሚለጥፉት፣ ምናልባት እነሱም ግራሙን አያውቁትም። የሚያውቀው ግን አንድ ሰው አለ፣ እሱ ነው «አትጻፉት» ያለው።

ይባስ ብሎ በማግስቱ «ለሚጠራጠሩ» የሚል ቪዲዮ ለቀቁ። ማግኔት ያስጠጋሉ፣ ሳንቲሙ አይሳብም፣ ሙዚቃው ከፍ ይላል፣ «ንጹሕ ብር!» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። አዎ፣ ብር በማግኔት አይሳብም። መዳብስ ይሳባል? ናስስ? እርሳስስ? አሉሚኒየምስ? ማግኔት ሳንቲሙ ብረት አለመሆኑን ይነግራችሁ ይሆናል እንጂ ብር ነው አይልም። ማወቅ ከተፈለገ መነሻው ሚዛንና መለኪያ ነው። አንድ አውንሱ የብር ንስር 40.6 ሚሊሜትር ስፋት፣ 2.98 ሚሊሜትር ውፍረት አለው። መዳብ በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 8.96 ግራም ብቻ ስለሆነ፣ ውስጡ መዳብ የሆነው ቅብ ሳንቲም ያንኑ ያህል ይመዝን ከተባለ ወይ ይሰፋል ወይ ይወፍራል፤ መደበቂያ የለውም። ከቪዲዮው ሥር «ማግኔቱን ተዉትና ሚዛን ላይ አስቀምጡት፣ ቁጥሩን እንየው» ብዬ ጻፍኩ። ሻይ ጠጥቼ ስመለስ የለም፣ ተሰርዟል። ከእኔ ቀጥሎ የነበረው «ዋው! ስንት ቀረ?» የሚለው ግን ስድስት ላይክ ይዞ ቁጭ ብሏል።